በእኔ ቤት ላይ ይለፍ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ደጃፉ ላይ የቆምከውም ግባ፤ ወንበር ካልበቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥ። አልጋው እንደ እኔ ይንቋቋል እንጂ ሰው አይጥልም። ዛሬ የማወራችሁ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴን ያስደሰትኩት መስሎኝ ምስጢሩን ስላወጣሁበት ሳምንት ነው። እኔ ያየሁት ሌላ፣ የሆነው ሌላ ነበር። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እየለየሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፦ የፊተኛው ስፌት ቤት፣ የኋለኛው መኖሪያ። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ሲሆን ሰፊው መስኮት ሥር ነው የተቀመጠው። መርፌው ላይ ክር የማስገባው እኔ ነበርኩ። "መርፌዬ፣ ነይማ" ይለኛል፤ ከጨዋታዬ ተነስቼ ሄጄ ክሩን በምራቄ አርሼ አስገባለታለሁ። ከእናቴ አስበልጦ ሹመት የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ከጣሪያችን በላይ ሦስት ወፋፍራም ሽቦዎች ያልፉ ነበር። ከየት እንደሚመጡ አላውቅም፤ ወዴት እንደሚሄዱም አላውቅም። የእኛ እንደሆኑ ግን አውቃለሁ። በእኛ ጣሪያ ላይ የሚያልፍ የማን ሊሆን ነው? ጭጋግ በሆነ ጠዋት "ዝዝዝ" ይላሉ። እኔም መስኮቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ አብሬያቸው "ዝዝዝ" እላለሁ። እናቴ ግን አትወዳቸውም። ግቢ ውስጥ የብረት ማስጫ ወጥራ ልብስ ልታሰጣ ስትነካው እጇን ይነዝራት ነበርና፣ ማስጫውን ነቅላ ልብሳችንን አጥር ላይ ነበር የምታሰጣው። ሽቦዎቹን ቀና ብላ አይታ አንድ ነገር ታጉረመርማለች። በሽቦዎቹ የምትቀና ይመስለኝ ነበር።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። እነዚያ ሽቦዎች ለእኛ አንድ አምፖል አብርተው አያውቁም። እነሱ ከፍተኛ ኃይል ተሸክመው ወደ ሩቅ ከተማ የሚያልፉ ናቸው፤ የእናቴን ማስጫ ያስነዝር የነበረውም ያ ኃይላቸው ነው። የእኛ መብራት የሚመጣው መንገድ ዳር ካለችው ጎባጣ ምሰሶ ነበር። ያኔ ይህንን ማን ነግሮኝ? ሽቦዎቹ የሄዱ ዕለት መብራታችን አብሮ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

እና አንድ የነፋስ ወቅት፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ ምስጥ የበላው ምሰሶ ወደቀ። ሽቦው መንገድ ላይ ተዘረጋ፤ ያ ሩቅ ከተማ አሥራ አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ አሉ። ከዚያ በኋላ መስመሩ እንደ አዲስ በብረት ምሰሶ ይሠራል ተባለ። በየት በኩል ይለፍ የሚለውን የምትወስን ሴት መጣች።

ወጣት ናት። ጫማዋ የአባቴን ጫማ ያህላል። ሦስት እግር ያለው መነጽር ተሸክማ በየማሳው ስትዞር ትውልና የሰፈሩን አዳራሽ እንደ ቢሮ ይዛ ታመሻለች። ሁሉም "ኢንጂነር" ይሏታል። በመጣች በሦስተኛው ቀን ስፌት ቤታችን ገብታ፣

"ጌታዬ፣ ሦስት ዓይነት ክር ፈልጌ ነበር፤ ካርታ ላይ የምወጥረው" አለች።

"ካርታ መስፋት ግን አልሞከርኩም" አላት አባቴ። ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ክር ቆርጦ ሰጣት።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አዳራሽ ተጠራ። እኔም በአባቴ ኮት ሥር ገባሁ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል፤ የአባቴ ክሮች በስፒል ተወጥረውበታል። ኢንጂነሯ በእርሳስ እያሳየች ተናገረች።

"ሰማያዊው በረግረጉ በኩል ነው። ክረምት መሬቱ ይለሰልሳል፣ የብረት ምሰሶ አይሸከምም፤ እሱን ተዉት። ቢጫው በኮረብታው ጀርባ ይዞራል። መሬቱ አለት ነው፤ መስመሩም ሁለት ቦታ መታጠፍ አለበት። መታጠፊያ ላይ የሚቆም ምሰሶ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የከበደ ነው፤ ሥራው ይረዝማል። ቀዩ አሮጌው መስመር ነው። ቀጥ ያለ ነው፣ ይቀላል። ግን አሥራ አንድ ቤት ሥሩ አለ። ቀዩ ከተመረጠ ግራና ቀኙ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሜትር ከማናቸውም ግንባታ ነጻ ይደረጋል።"

አያችሁ፣ የትልልቅ ሰዎች አማርኛ። ቤታችሁ ይፈርሳል ብትል ኖሮ እሪ እል ነበር። "ከማናቸውም ግንባታ" ስትል እኔ የምቆጥረው ስፒሎቹን ነበር። ዋናው ነገር ገብቶኛል፦ ሽቦዬን ወደ ኮረብታ ሊወስዱብኝ ይችላሉ።

"በቤቱ ላይ እንዲያልፍ የማይፈልግ ሰው ካለ እጁን ያውጣ" አለች።

አንዱ አንገቱን ያካል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። ይሉኝታ የሚባለውን በሽታ መቼም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ሰፈር ከጉንፋን ይበልጥ የሚመላለስ እሱ ነበር። በእንግዳ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ "የእኔ ቤት አይነካ" ብሎ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣ ማን ነው?

እትዬ አዋላጅ ተነሱ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው።

"እኔ ብቻዬን ነኝ። ከሰው አልበልጥም፤ በእኔ ቤት ላይ ይለፍ" አሉና ተቀመጡ።

ቀጥሎ ብስክሌት ጠጋኙ። ሲስቅ ሆዱ ስለሚነፋ "ጎማ" ነበር የምንለው። "እትዬ እንዲህ ካሉ እኔ ምን አፍ አለኝ? በእኔም ላይ ይለፍ" አለ።

ከዚያማ ማን ይቅር። አንዱ ሲነሳ አንዱ ሲቀመጥ፣ ተራው አባቴ ጋ ደረሰ። አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር አስተካክሎ ቆመ።

"ያን ያህል ሕዝብ በጨለማ ከሚቀመጥ የእኔ ጎጆ ምን ቁም ነገር ናት? በእኔ ቤት ላይ ይለፍ።"

ተጨበጨበለት። እኔ በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ። ለሽቦዎቹ እንዲህ ከሚጋፉ ሰዎች መሃል አባቴ ከሁሉ አሳምሮ ጠየቀ።

ኢንጂነሯ "በጣም አመሰግናለሁ" አለችና አሥራ አንዱንም ጻፈች። እሷ ባደገችበት ቤት ሰው ይሁን ካለ ይሁን ማለቱ ነው። የእኛ ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው ጎረቤታቸው ተነስቶ "ኧረ በጭራሽ፣ የእርስዎ ቤትማ አይነካም" እስኪላቸው ነበር የሚጠብቁት። ሁሉም ጠባቂ ሆነና የሚናገር ጠፋ። እስክሪብቶው ብቻ ነበር የሚንጫጫው።

ማታ ራት ሳይቀርብ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሰማሁት ይህችን ብቻ ነው።

"ጻፈችው?" አለች እናቴ።

"ጻፈችው። በእስክሪብቶ።"

እናቴ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የአክስቴ ሠርግ ላይም እንዲህ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ስለዚህ ምን እንደሆነ ገባኝ። ደስታ ነው።

ከዚያ በፊት የተባለውን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

"ማን ጠየቀህ?" ብላዋለች።

"ለወጉ ያህል ነው እኮ ያልኩት። ‘ኧረ አይሆንም’ ይሉኛል ብዬ።"

"አሉህ?"

"አላሉኝም። እኔም ለእነሱ አላልኩም።"

"ነገ በጠዋት ሂድና ቤቴ ቤቴ ነው በላት።"

"ካጨበጨቡልኝ በኋላ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምን እንደሚልህማ ሜዳ ላይ ስንቀመጥ ትሰማዋለህ።"

አልሄደም። ሌሎቹም አልሄዱም። እያንዳንዱ፣ ሌላው ሄዶ እምቢ ቢል እሱን ተከትሎ ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። ውሳኔው ለዓርብ ተቀጥሯል፤ እስከዚያ ያሉት ቀናት እንዴት እንደሆኑ ልንገራችሁ። አባቴ የጡረተኛውን መምህር ኮት ሰፍቶ ሲያስለካቸው ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ ተገኘ። መምህሩ በመስታወት ራሳቸውን አይተው፣ "ምን አለ፣ ሁለት ግራ እጅ ያለው ሰው ሲገኝ ትሸጥለታለህ" አሉት። ጎማ ደግሞ ያልተበሳ ጎማ ሲጠግን ዋለ። እትዬ አዋላጅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ግድግዳቸውን በመዳፋቸው ሲዳብሱ አየኋቸው፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ሁሉም ነገር ለእኔ የበዓል ዋዜማ ነበር። ሰው ደስታ ሲያሰክረው እንዲህ አይደል የሚያደርገው?

ሐሙስ ቀን ግን ጎማ ለአንድ ደንበኛው፣ "ገና አልተቆረጠም። ኮረብታውም ይሆናል ይላሉ፤ አፋቸውን ያሳምረው" ሲል ሰማሁ። ደነገጥኩ። አባቴ ይህን ያህል የጓጓለት ነገር ሊቀር ነው ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

ኢንጂነሯ ካርታው ሥር ተቀምጣ ደረቅ ብስኩት እየበላች ቁጥር ትጽፋለች።

"ኢንጂነር፣ በእኛ ላይ ይለፍ" አልኳት።

ቀና አለች። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የልብስ ሰፊው።"

"አባትሽ ነግሮኛል እኮ፤ ጽፌዋለሁ።"

"በጣም እንደፈለገው ግን አልነገረሽም። ሲጓጓ እህል አይበላም።"

እስክሪብቶዋ ቆመ። "አይበላም?"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ። ኮት ሲሰፋ ሁለቱንም ግራ እጅጌ አደረገው፤ ሐሳቡ ሁሉ ሽቦው ላይ ስለሆነ። የስፌት መኪናውን በሜትር ይለካል፣ ይለካል፣ ከዚያ ‘ይቺ የት ትገባለች?’ ይላል። እናቴም ደስ ብሏታል። ስታለቅስ ነው የምትውለው።"

"ስታለቅስ?"

"ሽንኩርት ሳትልጥ።"

ብስኩቱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። "ሌሎቹስ? ጎረቤቶቻችሁስ ደስ ብሏቸዋል?"

"በጣም። እትዬ አዋላጅ ግድግዳቸውን ሲዳብሱ ነው የሚውሉት። ጎማ ያልተበሳውን ይጠግናል።"

ኢንጂነሯ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። የምትስቅብኝ መስሎኝ ተቀየምኩ። ዛሬ ሳስበው ሳቅም አልነበረም፣ ሳቅም ነበር። በሕይወቷ ስንት ቦታ ስንት መስመር ዘርግታለች፤ ስንት ቦታ "ይለፍ" ብለው የፈረሙላት ሰዎች ግድግዳቸውን ሲዳብሱ ሳታይ አልፋለች? ያንን ነው መሰለኝ የምታስበው።

"አንቺስ?" አለችኝ በመጨረሻ። "አንቺ ለምንድን ነው በቤታችሁ ላይ እንዲያልፍ የፈለግሽው?"

"መብራታችን እንዳይሄድ።"

"መብራታችሁ ከዚህ አይደለም የሚመጣው የኔ እመቤት። ሽቦው ቢሄድም አምፖላችሁ ይበራል።"

አላመንኳትም። ትልልቅ ሰዎች ሲያታልሉ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ የእሷም ለስልሷል። ብስኩቱን ግን ተቀበልኳት።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። ኢንጂነሯ ደብተሯን ዘግታ ካርታው ፊት ቆመች።

"ዛሬ ስለ ራሱ ቤት መናገር አይፈቀድም" አለች። "ስለ ጎረቤታችሁ ቤት ብቻ ንገሩኝ። የማን ቤት ባይነካ ትላላችሁ? ለምን?"

ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጎማ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

"የእትዬ ቤት! እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በማን እጅ ነው ወደዚህ ዓለም የገባው? ምጥ የያዛት ሴት በጨለማ እየዳሰሰች የምታውቀው ያንን በር ነው። በሌላ ሰፈር ልትፈልጋቸው ነው? እኔ ራሴ ስወለድ በእግሬ ነው የመጣሁት አሉ፤ እሳቸው ባይኖሩ አልቆልኝ ነበር።"

"በእግርህ መጥተህ ይኸው እስከ ዛሬ መቀመጥ አልቻልክም" አሉት እትዬ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የታሰረ ነገር ተፈታ ማለት ያኔ ነው። እሳቸውም በዚያው ተነሱ።

"እኔ ደግሞ የልብስ ሰፊው ቤት ባይነካ እላለሁ። በዚያ መስኮት ከጠዋት እስከ ማታ ብርሃን ይገባል። ይህ ሰው ዓይኑ ደክሟል፤ ደብቆን ነው። ክር የምታስገባለት ይቺ ሕፃን ናት። ጨለማ ቤት ውስጥ ከገባ ሙያው አበቃለት። እኛ ደግሞ ራቁታችንን ልንሄድ ነው።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። ማንም የማያውቅ መስሎት ነበር፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔም ስለዚያ ሹመቴ እውነቱን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ግን አልገባኝም፤ ቀልቤ ሌላ ቦታ ነበር። መምህሩ ተነስተው "የልብስ ሰፊው ቤት አይነካ" አሉ፤ ሁለት ግራ እጅጌ ስለሰፋላቸው እየተበቀሉት ነው ብዬ ነበር። ሌላዋ ተነስታ "የልብስ ሰፊው" አለች። ሌላውም። አባቴም እንባውን ጠርጎ ተነስቶ፣ "ጎማን ከመንገድ ዳር ብታነሱት ብስክሌት የተበላሸበት ሰው የት ያገኘዋል?" ብሎ ተናገረ። አንዱ ለአንዱ፣ አሥራ አንዱም ቤት ጠበቃ አገኘ።

እኔ ግን አንድ በአንድ እየተነሱ ሽቦአችንን ሲነጥቁን እያየሁ ነው። በመጨረሻ አላስቻለኝም፤ ወንበር ላይ ወጣሁ።

"አባዬ እኮ ይፈልጋል" አልኩ እያለቀስኩ። "ምን አደረጋችሁ? ለምን ትከለክሉታላችሁ?"

ከዚያ እናቴ ናት መጀመሪያ የሳቀችው። በነጠላዋ ውስጥ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፅ አውጥታ ሳቀች፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። አባቴ ከወንበሩ አውርዶ አቀፈኝ። ጉንጩ እርጥብ ነበር።

"አልፈልግም የኔ መርፌ" አለኝ፤ ግን ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ቤቴን ነው የምፈልገው።"

በዕድሜዬ ሁሉ አባቴ "አልፈልግም" ሲል የሰማሁት ያን አንድ ጊዜ ነው።

ኢንጂነሯ ወደ ካርታው ዞራ የቀዩን ክር ስፒሎች አንድ በአንድ ነቀለች። "ሁለት መታጠፊያ ይጨምርብኛል" አለች። "ለአለቆቼ በምክንያት እጽፋለሁ።" አለቆቿ አንድ ወር ካንገላቱ በኋላ እሺ አሉ። ደብዳቤው የመጣ ቀን እትዬ ሰፈሩን በሙሉ ጠርተው አበሉ፤ ጎማ ሲጨፍር ቀበቶው ተበጠሰ፤ አባቴ እዚያው ቆሞ እንዳለ ሰፋለት። ክሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ፊቴን አኩርፌ።

አሮጌው ሽቦ የወረደ ቀን ሠራተኞቹ በገመድ ቀስ አድርገው ሲያወርዱት ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ "ነይ፣ አንቺው አብሪው" አለኝ። ማብሪያው አይደርስልኝም፤ ከፍ አድርጎ ያዘኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት። በዓይኔ ቆብ ውስጥ ቀይ ብርሃን ገባ። ውጭ እናቴ እየዘፈነች የብረት ማስጫዋን ትወጥር ነበር።

እንግዲህ ይኸው ነው ልጆቼ። አባቴ በዚያ መስኮት ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፋ። ከሰፈር ወጣ ስትሉ ያንን የብረት መስመር ታዩታላችሁ፤ ከሜዳው ቀጥ ብሎ መጥቶ ኮረብታው ጋ ይታጠፋል፣ ጀርባውን ዞሮ እንደገና ይታጠፋል። መንገደኛ አይቶት፣ "ይኼን የሠራ መሐንዲስ ሰክሮ ነበር?" ብሎ ሲስቅ ሰምቻለሁ። እናንተ እዚያ ስትደርሱ ማን ስለማን ተናግሮ እንደታጠፈ አስታውሱልኝ። ለሚጠይቃችሁም ንገሩት፤ አደራ።